በጥጥ የተፈተነ ዘንግ

መምህር ባንተአምላክ የተገኙት ከወገባቸው በታች ውኃ ውስጥ፣ ከወገባቸው በላይ ጭቃው ላይ ሆነው ነው። የዓሣ ማጥመጃ ዘንጋቸው አጠገባቸው ሣሩ ላይ ተጋድሟል። ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ዳር ያለው የመስኖ ግድብ በጥቅምት ጠዋት ጭጋጉ ቶሎ አይለቀውም፤ የግድቡ ጥበቃ ቢያድግልኝ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይንቀጠቀጣል። ከብርዱ ይሁን ከሬሳው እሱም አያውቀው።

«እኔ አልነካሁም!» አለ፣ ኢንስፔክተር ማስተዋል ገና ከመኪና ስትወርድ። «እንኳን ልነካ ቀረብ ብዬም አላየሁ። ዘንጉን አየሁና መምህር ናቸው አልኩ። በቅዳሜ እዚህ የሚመጣ ሌላ ማን አለ?»

«እሱን ነው የምጠይቅህ። ሌላ ማን አለ?»

«መምህር ታምራት ማዶ ነበሩ። ያ የአርባ ምንጩ፣ የዩኒቨርሲቲው አስተማሪ። መኪናቸውን አይቻለሁ። በወዲህ በኩል ግን በዚህ ጭጋግ የራሴን እግርም አላየሁ።»

ማስተዋል እዚያው አጠገብ ያለችው የገሳይ ከተማ ልጅ ናት። ዕድሜዋ አርባን አልፏል፣ ዓሣ የሚባል ነገር ቤቷ ገብቶ አያውቅም፣ ሽታው ራሷን ያማታል። ነገር የሚያስረዝም ሰውም እንደዚያው ያማታል። ስለዚህ ቢያድግልኝን እዚያው ተወችውና ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ከጭንቅላታቸው ኋላ ተፈንክተዋል። ፊታቸው ግን የተኛ ሰው ፊት ነው። አንገታቸው ላይ ቀጭን ጥቁር ማተብ አለ፤ ማተቡ ላይ ደግሞ ሁለት ሦስት ቦታ ቀይ ነጠብጣብ። ደም ነው ብላ በጣቷ ጠረገችው፤ አልጠፋም። በጥፍሯ ፋቀችው፤ እንደ ቅርፊት ተላጠ። «እንዴ» አለች ለራሷ። ደም በውኃ ርሶ እንደዚህ አይደርቅም።

ከዚያ ዘንጉን አነሣች። ዘንጉ ላይ ክሩ የሚያልፍባቸው ትናንሽ ቀለበቶች ከታች እስከ ጫፍ ተደርድረዋል። ከእነሱ አንዱ ግን ከቦታው ወልቆ ክሩ ላይ ብቻውን ተንጠልጥሏል። ዘንጉን ስታወዛውዘው ቀለበቱ ወዲያና ወዲህ ይንሸራተታል።

«ይሄ ወደ ቢሮ ይግባልኝ» አለች። «እንዳለ! ማንም እንዳይነካካው።»

ከሰዓት በኋላ ላይ ኮማንደር በላይነህ ነገሩን ጨርሰውት ጠበቋት። ጠብ ነበር፣ ምስክር ነበር፣ ሰውዬውም ግድቡ ላይ ነበር፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

«ዓርብ ማታ በይሻው ሱቅ ውስጥ ስለ ዘንግ ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል» አሏት። «ታምራት የሚባለው 'ይሄ ዘንግ አንድ ቀን ውኃ ውስጥ ይዞዎት ይገባል' ብሏቸዋል። በማግስቱ ገቡ። ሰኞ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ ለዘንግ ብሎ ሰው ይገደላል?»

«ለስንት ነገር ይገደላል! ደግሞ ከተማው እየጮኸ ነው። ቤቱ በር ላይ ድንጋይ የወረወሩ አሉ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ለእሷም ቢሆን ነገሩ ቶሎ ቢለይ ይሻላል።»

«ከተለየ አይደል?» አለች ማስተዋል። «ሰኞ ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ ነጻ ቢወጣ እንኳ እዚህ ከተማ መኖር አይችልም። ገዳይ እንደተባለ ይቀራል። ቀብሩ ነገ ከሰዓት ነው፤ እስከዚያ ይስጡኝ።»

ኮማንደሩ እጃቸውን አወናጨፉ፤ እሺ ማለታቸው ነው።

ታምራት እስር ቤቱ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሠላሳዎቹን የጀመረ ረዥም ሰው ነው፤ የለበሰው ሹራብ ላይ ገና የግድቡ ጭቃ አለ። ማስተዋል ገብታ ገና ሳትቀመጥ ጠየቀችው።

«ዘንግ እንዴት ነው የሚመረጠው?»

«ምን?»

«ዘንግ! የተጣላችሁት በእሱ ነው አይደል? የማላውቀውን ጠብ ልመረምር አልችልም። አስረዳኝ።»

ታምራት ትንሽ አያት። የምትቀልድ አልመሰለችውም።

«ጠብ አይደለም፣ ክርክር ነው» አለ። «እኔ የካርቦን ዘንግ ነው የምወደው። ቀላል ነው፤ ዓሣው ገና አፉን ሲያስጠጋ እጅ ላይ ይሰማል። ግን ውድ ነው። መምህር ደግሞ 'ለቀለምና ለስም አትክፈል' ባይ ናቸው። ርካሹንም አይወዱም፤ መካከለኛውን አገላብጠው አገላብጠው ይመርጣሉ። ጫፉን ጣሪያ አስነክተው ይጫኑታል፤ ከላይ እስከ ታች እኩል ከጎበጠ ደግ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከታጠፈ ይመልሱታል። መጋጠሚያው ሲወዛወዝ ከተንኳኳም ይመልሱታል። የመጨረሻው ፈተና ጥጥ ነው።»

«የምን ጥጥ?»

«የሚፈተል ጥጥ ነዋ! በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ጥጥ ይስባሉ። ቀለበቱ ዓይን የማያየው ስንጥቅ ካለው ጥጡን ይዞ ያስቀራል። ጥጥ የሚይዝ ቀለበት ደግሞ ክር ይበላል። እንደ ቆሮሶ ያለ ትንሽ ዓሣ ላይ አይታወቅም፤ አንድ ትልቅ ነጭ ዓሣ ሲጎትት ግን ክሩ ብጥስ! ዓሣውም መንጠቆውም ሄደ ማለት ነው።»

«'ውኃ ውስጥ ይዞዎት ይገባል' ያልካቸውስ?»

ታምራት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ቀልዴን እኮ ነው። ያ አሮጌ ዘንጋቸው ቀለበቱ በወለቀ ቁጥር ራሳቸው በክር እያሰሩ ይጠግኑታል። በእሱ ሁልጊዜ እቀልድባቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይስቃሉ። ዓርብም ስቀዋል። የሳቁትን ግን ማንም አልመሰከረልኝም።»

«ማተብ ነበራቸው?»

«አዎ፣ ትንሽ የእንጨት መስቀል ያለችበት። ዓሣ ሲነካላቸው መስቀሏን ጭብጥ ያደርጋሉ። እኔ ጴንጤ ነኝ፤ 'በመንጠቆ ነው በመስቀል የሚያጠምዱት?' እያልኩ አስቃቸው ነበር።»

ማስተዋል ሌላ ነገር ልትጠይቀው የከፈተችውን አፍ ዘጋች። እሷ ያየችው ማተብ መስቀል አልነበረበትም።

ወደ ይሻው ሱቅ ስትሄድ መንገዱን ሁሉ የምታስበው እሱን ነው። መስቀሉ ውኃ ውስጥ ወድቆ ይሆናል። ወይም ታምራት ይዋሻል። የሚዋሽ ሰው ግን ለምን የእንጨት መስቀል ይፈጥራል?

ይሻው የኳስ፣ የመረብና የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሲያወራ እጁ አያርፍም፤ ባንኮኒውን ይወለውላል፣ የተወለወለውን ደግሞ ይወለውላል።

«አራት ነን» አላት። «መምህር፣ ታምራት፣ እኔና ጋሼ ሙሉሐብት። ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እናጠምዳለን። ዛሬ እኔ ዕቃ ሊመጣልኝ ስለሆነ ቀረሁ፤ ጋሼ ሙሉሐብትም ኪዳን ላደርስ ነው ብለው ቀሩ። አብሬ ሄጄ ቢሆንማ...»

«ለወጣቶቹ ዘንግ ልትሰጡ ነበር አሉ።»

«ነገ ነበራ! በግድቡ ዙሪያ ሥራ ያጡ ልጆች አሉ፤ ሕዝቡ አዋጥቶላቸው ዘንግ ተገዛ። ቀበሌው አዳራሽ በይፋ ሊታደል ነበር። የገዙት ጋሼ ሙሉሐብት ናቸው፤ ሊቀመንበራችን ስለሆኑ። ያውም ከእኔ አይደለም፣ ባሕር ዳር ድረስ ሄደው! ተቀይሜያለሁ፤ አልዋሽሽም።»

«መምህርንስ?»

«እሳቸውንማ ስንቴ! ሱቄ መጥተው ጥጣቸውን አውጥተው ዘንጌን ሁሉ ሲስቡበት፣ ሊገዛ የመጣው ሰው ጥሎኝ ይወጣል። 'አንተ ሰው፣ የማይረባ አታምጣ፣ ደንበኛም አይሸሽህ' ይሉኛል።» ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ተበላሸበትና መወልወያውን ዓይኑ ላይ አደረገው።

«ማተባቸው ምን ዓይነት ነበር? ለመዝገቡ ነው።»

«የጣራ ገዳም መስቀል ያለባት ናት። ሲያስቡ ይነክሷታል፤ የጥርሳቸው ምልክት እንኳ አለባት። ምነው፣ ጠፋች እንዴ?»

«ኧረ ለመዝገቡ ነው አልኩህ» አለችና ወጣች።

አቶ ሙሉሐብት ቤት ሰው ሞልቷል። እሳቸው ነጭ ጋቢ ለብሰው መሐል ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚገባው ሁሉ ጉልበት ሊስም ሲያጎነብስ እሳቸው ቀድመው ያነሡታል። የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፣ የተጣላ ሲኖር አስታራቂ ናቸው፣ ለመምህር ባንተአምላክ ልጅም የክርስትና አባቷ ናቸው። ከተማው ውስጥ ሙሉሐብት አጠፉ ሲባል የሰማ ሰው ይገኛል ብዬ አልወራረድም። ማስተዋልን ወደ ጓዳ ይዘዋት ገቡ።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለቻቸው።

«አሜን ልጄ። አርባ ዓመት አብረን ኖርን። ከወንድም በላይ ነበር።»

«ጠዋት የት ነበሩ አንቱ?»

«ኪዳን ላይ ነዋ።»

«ውስጥ?»

«አይ፣ አርፍጄ ስለነበር ከቅጽሩ ውጭ ቆሜ ነው ያደረስኩ።» ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡ። «ልጄ፣ አደራሽን በዚያ ልጅ አትጨክኑበት። የሰው አገር ሰው ነው። ወጣት ነው፣ ተናዶ ይሆናል። ይቅር የሚያሰኝ ነገር ካለ እኔም እለምናለሁ።»

«ደግ ነዎት። አንድ ነገር ለመዝገቡ፤ የመምህር ማተብ ምን ዓይነት ነበር?»

«ማተቡ?» አሉ። «ጥቁር ክር ናት። ሌላ ምን ይኖረዋል? ደህና ቀጭን ጥቁር ክር።»

«መስቀል ነገር አልነበረባትም?»

«የለም የለም። ክር ብቻ።»

ማስተዋል አመስግና ወጣች። ደጃፉ ላይ ግን ቆመች። አርባ ዓመት አብሯቸው የኖረ ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የሚያገኟቸው ሰዎች የሚያውቁትን መስቀል አያውቅም? አለማወቁስ ይሁን፤ ጥቁሩን ክር ከየት አወቀው?

ሆስፒታል ስትደርስ ዶክተር የሺ ጓንቷን እያወለቀች ነበር።

«ወድቀው ድንጋይ መቷቸዋል፣ ራሳቸውን ስተው ውኃ ገብቷቸዋል» አለቻት። «ይህን ግን እዪልኝ።» ከማጅራታቸው ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሰንበር አሳየቻት። «አንገታቸው ላይ የነበረ ነገር ከፊት በኩል በኃይል ተይዞ ተበጥሷል።»

«ማተቡ ግን አልተበጠሰም።»

«እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው።»

ማስተዋል ማተቡን ቋጠሮውን ሳትነካ ቆርጣ አወጣችው፤ ወረቀት ላይ ዘረጋችው። አልዘረጋም አላት። ለብዙ ጊዜ ቀጭን ነገር ላይ ተጠምጥሞ እንደኖረ ሽቦ መልሶ ይጥቀለላል። ጥጥ አይደለም፣ ሐርም አይደለም፤ የሚያንሸራትት የናይለን ክር ነው። ቀዩ ቅርፊት አሁንም አለበት። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

ልቅሶ ቤት ስትገባ ወይዘሮ ዘነበች ከሴቶቹ መሐል ሆነው ገና ከሩቅ አይተዋት ተነሡ።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አሏት። «ያ ሰውዬ ነው! ባንቴን የበላው ያ ሰውዬ ነው! ሌላ ማን ጠላት አለው?»

«እትዬ ዘነበች፣ እግዚአብሔር ያጥናዎት። መምህር ዓርብ ማታ ሲገቡ ምን አሉዎት?»

«ምን ይለኛል! ከእንዝርቴ አጠገብ ጥጤን ዘግኖ ወጣ። ዘንግ ሊፈትን ነው፣ የልማዱ ነው። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል። እራት አልበላም። 'አንድ ሰው ላሳዝን ነው' አለኝ። 'ሰው ፊት ከማዋርደው ነገ በጠዋት ውኃው ዳር ለብቻው ብነግረው ይሻላል' አለ። ማንን ነው ብለው አልነገረኝም። ያው ያን ሰውዬ ነዋ!»

ማስተዋል ስለ አሮጌው ዘንግ ጠየቀች። የመለሰችላት ከጥግ የተቀመጠችው ልጃቸው ስርጉት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«አባዬ ቀለበቱን በጥቁር ናይለን ክር ይጠመጥመዋል» አለች። «እንዳይፈታ ደግሞ ከላይ የጥፍር ቀለሜን ይቀባዋል። ቀዩን። ጨረስክብኝ ብዬ ባለፈው ሳምንት እንኳ ተቆጥቼው ነበር።» ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ማተቡስ፣ እትዬ?»

«ማተቡን ራሴ ነኝ ፈትዬ የገመድኩለት» አሉ ዘነበች። «ነጭ ጥጥ ነበረች፤ አርጅታ ዳማ ሆናለች። መስቀሏን ከጣራ ገዳም ያመጣንለት ስርጉት የተወለደች ዓመት ነው። ከእሷ ጋር ነው የምቀብረው።»

 ማስተዋል የሴትየዋን እጅ ይዛ ነገ ከቀብሩ በፊት ቀበሌ አዳራሽ እንዲመጡ ለመነቻቸው።

እሑድ ቀትር ላይ አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ የወጣቶቹ አዲስ ዘንጎች ተደርድረዋል። ሰማያዊ፣ የሚያብረቀርቁ፣ እጀታቸው ገና ከላስቲኩ ያልወጣ። ኮማንደር በላይነህ በር ላይ ቆመዋል። ታምራት እጁ በካቴና ታስሮ ተቀምጧል። ይሻው ከጎኑ ወንበር ባዶ አድርጎ ፈቀቅ ብሏል። አቶ ሙሉሐብት ከዘነበችና ከስርጉት አጠገብ ናቸው፤ የስርጉትን ትከሻ ይዘዋል።

«ብዙ አላስቆማችሁም» አለች ማስተዋል። «ሬሳ እየጠበቀን ነው።»

አሮጌውን ዘንግ ከተጠቀለለበት ጨርቅ አወጣች።

«መምህር ሲያጠምዱ ተገፍተው ወደቁ ተባለ። ይህን ቀለበት እዩት፤ ከዘንጉ ወልቆ ክሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በጥጥ ሳይፈትን ዘንግ የማይነካ ሰው በዚህ አያጠምድም። ስለዚህ ቀለበቱ የወለቀው ከወደቁ በኋላ ነው። በራሱ ወልቋል እንዳልል፣ ሌሎቹ ቀለበቶች በጥቁር ክር ተጠምጥመው በቀይ የጥፍር ቀለም ተለብጠዋል፤ ጥርስ የሚሰብር ማሰሪያ ነው። የዚህኛው ማሰሪያ የለም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ፣ በጥፍሩ ልጦ፣ ፈትቶ ወስዶታል።»

«ክር ምን ያደርግለታል?» አሉ ኮማንደሩ።

ማስተዋል ከቦርሳዋ ትንሽ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ፈታች። ጥቁሩ ክር ጠረጴዛው ላይ ተጥቀለለ።

«ይህ ነው። ከመምህር አንገት ላይ ነው ያወጣሁት።»

ዘነበች ቀረብ ብለው አዩት። «ይሄ የባንቴ ማተብ አይደለም!»

«አይደለም፣ እትዬ። የእሳቸው ተበጥሷል፤ ማጅራታቸው ላይ ምልክቱ አለ። ደረታቸውን ጨምድዶ የያዘው ሰው እጅ ላይ ተበጠሰና ከነመስቀሉ ውኃ ውስጥ ቀረ። ታዲያ ያ ሰው ምን አደረገ? ሮጦ አልሄደም። የሞተው ወዳጁ አንገቱ ባዶ ሆኖ ሊያየው አልቻለም። ያለ ማተብ ተገኝቶ፣ ያለ ማተብ ሊቀበር አንጀቱ አልቻለም። ከዘንጉ ላይ ክር ፈታ፣ አሰረለት፣ ከዚያ ሄደ።»



«አሁን ፍረዱ» አለች ማስተዋል። «ታምራት ጴንጤ ነው። ማተብ አያስርም፣ የመምህርንም ማተብ ሲያይ የሚቀልድ ሰው ነው። ቢገድልማ በዚያ ጭጋግ ይሮጥ ነበር እንጂ ቁጭ ብሎ ክር አይፈታም። ይሻውን ጠየቅኩት፤ ጥርስ ያረፈባትን መስቀል ነገረኝ። ታምራትም መስቀሏን ነገረኝ። ሁለቱም የሚያውቁት የድሮውን ነው። አንድ ሰው ብቻ 'ቀጭን ጥቁር ክር፣ ሌላ ምንም የለባትም' አለኝ። ሬሳውን አላየም፣ ውኃው ዳርም አልነበርኩም ብሏል። ጥቁር ክር ያየነው ግን እኔ፣ ዶክተሯና ያሰረው ሰው ብቻ ነን።»

የሙሉሐብት እጅ ከስርጉት ትከሻ ላይ ወረደ።

«ኪዳን ላይ ነበርኩ» አሉ።

«ነበሩ፣ ከቅጽሩ ውጭ። አንቱ በየሳምንቱ ከፊት የሚቆሙ ሰው፣ የዚያን ዕለት ብቻ ቅጽሩን አልተሻገሩም። በዚያ እጅዎ መግባት ስላልቻሉ ነው።»

«ለምን ብዬ? ወንድሜ እኮ ነው!»

ማስተዋል ከኪሷ የዘነበችን ጥጥ አወጣች። ከአዲሶቹ ዘንጎች አንዱን አንሥታ ጥጡን በመጀመሪያው ቀለበት ሳበችው፤ አለፈ። በሁለተኛው ሳበችው፤ ቀለበቱ ትንሽ ጥጥ ይዞ አስቀረ። ሌላ ዘንግ አነሣች። እሱም ያዘ። ሦስተኛውን ጫፉን ጣሪያ አስነክታ ጫን ስትለው መሐሉ ላይ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ይሻው ሳያስበው «ወይ ጉድ!» አለ።

«መምህር ዓርብ ማታ እዚህ መጥተው ይህን አዩ» አለች። «አንቱ ሳንቲም አልነኩም፤ ሰረቁ የሚል የለም። ባሕር ዳር ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አሳይተው አታለሉዎት፣ በቃ። ማንንም ያታልላሉ። መምህር ሰው ፊት ላዋርዳቸው ብለው አልጠሩዎትም። ለብቻዎ ሊነግሩዎት ነው የጠሩዎት።»

ሙሉሐብት ወንበሩ ላይ አልተቀመጡም፤ ወረዱ ማለት ይሻላል።

«ዝም በል አልኩት» አሉ፣ ድምፃቸው የሌላ ሰው ሆኖ። «ይታደልና ከዚያ በኋላ ቢሰበር በልጆቹ ይሳበባል አልኩት። 'ልጆቹ በዚህ ሊበሉ ነው እኮ፣ ሙሉ' አለኝ። ካልነገርክ እኔ እነግራቸዋለሁ አለኝ። ከተማው ሁሉ ፊት፣ እኔ በቀለም የተታለልኩ ሞኝ! ደረቱን ያዝኩት። ዝም እንዲል ብቻ ነው። ማተቡ ተበጥሶ ከእጄ አመለጠ፣ እሱ ወደ ኋላ ሄደ። ድንጋዩን ሰማሁት።»

«ጎትተው አወጧቸው?»

«ጭቃው ድረስ። ጠራሁት፣ ጠራሁት። ማተቡን ከነመስቀሉ በዳበሳ ፈለግኩ፣ ውኃው ወስዶታል።»

«የራስዎን ማተብ ለምን አላሰሩላቸውም?» አለች ማስተዋል። ይህን ለመዝገቡ አልነበረም የጠየቀችው።

ሙሉሐብት እጃቸውን ወደ አንገታቸው ሰደዱ።

«ልፈታው ነበር» አሉ። «አንገቴ ባዶ ሆኖ ቤት ብገባ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት።»

 ስርጉት ከወንበሯ ተነሥታ ከክርስትና አባቷ ራቅ ብላ ቆመች። ሙሉሐብት ያን ጊዜ ከአንገታቸው ላይ ማተባቸውን ፈቱ፤ ጥሩ የሐር ማተብ ነበረች። በሁለት እጃቸው ወደ ዘነበች ዘረጉት።

«ይህን ያስሩለት። ስለ ማርያም።»

ዘነበች ማተቡን አዩት። ሊወስዱት እጃቸውን ሰንዝረው መለሱት።

«ይያዙት፣ ጋሼ ሙሉሐብት» አሉ። «እሱ የሚሄድበትን አውቀዋለሁ። የሚያስፈልገው ለአንቱ ነው።»

ኮማንደር በላይነህ ሄደው የታምራትን ካቴና ፈቱ። ይቅርታ የሚመስል ነገር አጉረመረሙ፤ ምን እንዳሉ ከታምራት በቀር አልተሰማም። ታምራት ካቴናው የላጠውን የእጁን አንጓ እያሻሸ ቆመ፤ ወደ በሩ መሄድም አልቻለ፣ መቀመጥም አልቻለ። ውጭ የሚጠብቀውን ሕዝብ ሲያስብ ፊቱ አመድ መሰለ። የወረወሩት እነሱ ናቸው፤ ድንጋዩ ገና ደጁ ላይ አለ።

ዘነበች በጠረጴዛው ላይ የቀረችውን ጥጥ አነሡ። እዚያው ቆመው በሁለት መዳፋቸው መሐል አክርረው ገመዱት፤ እንባቸው ሲወርድ ጥጡ እንዳይርስ ፊታቸውን ዞር እያደረጉ። ሲጨርሱ የባላቸው አዲስ ማተብ የምትሆነውን ክር በመዳፋቸው ይዘው ወደ ታምራት ሄዱ።

«እኔ ነኝ ያልኩህ» አሉት። «ገዳዩ አንተ ነህ ያልኩ እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል።»

«ግድ የለም፣ እማማ።»

«ግድ አለው እንጂ! በል ና፣ ልጄ። ሰው ሁሉ እያየ ከእኔ ጋር ትወጣለህ። ሬሳውንም ከፊት ትይዛለህ።»

ክንዱን ያዙና ወጡ። በሩ ሲከፈት ያ ሁሉ ሕዝብ ዘወር አለ፤ ዘነበችን አየ፣ የያዙትን ሰው አየ። ከፊት የነበሩት ወንዶች አንድ በአንድ ባርኔጣቸውን እያወለቁ መንገድ ለቀቁላቸው።